የጋሽ መንጋጋ በረዶ

ጋሽ መንጋጋ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠራል። እውነተኛ ስሙን የምታስታውሰው ሚስቱ ብቻ ናት፤ እሷም የምትጠራበት ስትቆጣ ነው። ሰፈሩ ጋሽ መንጋጋ ብሎታል፣ እሱም ወዶታል። የሥራ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሳይቀር አጽፎታል።

ሥራው ያመጣበት አንድ አመል አለ። ደንበኛው ወንበሩ ላይ ይጋደማል፤ የድዱ ልክ እንዲወሰድ አፉ እንደ ሊጥ በለሰለሰ ነገር ይሞላል፤ ሊጡ እስኪጠነክር ድረስ መናገር አይችልም። ጋሽ መንጋጋ ግን ይችላል። ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ስለ ደንበኛው ትዳር ጭምር ያለውን አስተያየት ሁሉ ያወርደዋል። ሲጨርስ «አይመስልዎትም?» ይላል። ደንበኛው «እም» ይላል። ሌላ ምን ይበል? ዕድሜውን ሙሉ «እም» ሲባል የኖረ ሰው፣ ዓለም በሙሉ ከእሱ ጋር የተስማማች ቢመስለው አይፈረድበትም።

«እም» ብላው የማታውቅ አንዲት ሰው ብቻ ነበረች። የስምንት ዓመት የልጅ ልጁ ናት። ስትጫወት ለራሷ ታንጎራጉራለችና «ጢንዚዛ» ይላታል። እናቷ፣ ማለትም የጋሽ መንጋጋ ልጅ፣ ባንክ ስለምትሠራ ቅዳሜም እረፍት የላትም። ስለዚህ ጢንዚዛ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትውለው አያት ቤት ነው። ችግሩ አያት ሁለት መሆኑ ነው። የአባቷ አባት ጡረታ የወጣ የመርከብ ካፒቴን ነው። ሰፊ ግቢ አለው፤ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ዥዋዥዌ አለው፤ አሁን ደግሞ ይባስ ብሎ ውሻው ወለደችለት። ጋሽ መንጋጋ ቤት ያለው በየመደርደሪያው የተደረደረ የጥርስ ናሙና ነው፤ ሁሉም ይስቃሉ፣ ለምን እንደሚስቁ የሚያውቅ የለም።

ቡችሎቹ ከተወለዱ ወዲህ ጢንዚዛ ወደ ጋሽ መንጋጋ ዝር ብላ አታውቅም። «ቡችላ ቁንጫ ያመጣል» እያለ ለደንበኞቹ ይነግራቸዋል፤ ደንበኞቹም «እም» ይላሉ። ቀልድ ያስመስለው እንጂ ነገሩ አንጀቱን ይበላው ነበር። ቅዳሜ ጠዋት በሩ ሲንኳኳ ልቡ ትዘላለች። ከፍቶ ሲያይ የቆጣሪ አንባቢው ከሆነ ቀኑን ሙሉ ፊቱ አይፈታም። ልጅቷ ትናፍቀው ነበር፤ በቃ።

በዚህ መሐል ነው የትምህርት ቤቱ ነገር የመጣው። የጢንዚዛ መምህርት የክፍሉ ልጆች በተገጣጣሚ የፕላስቲክ ጡቦች በረዶ የለበሰ የምናብ አገር እንዲሠሩ፣ በወላጆች ፊት ቆመውም በሠሩት ነገር ተረት እንዲናገሩ አዘዘች፤ ለየልጁ አጭር ሰዓት ተመድቧል፣ ለበለጠውም ሽልማት አለ። ለምን በረዶ እንደሆነ አይጠየቅም። በዚያ ከተማ በረዶ ወርዶ ቢያውቅ ቆርቆሮ ሲደበድብ ታይቶ ወዲያው የሚጠፋው ጠጠር ነው። ነጭ ሆኖ አገር አልብሶ የሚቀመጠውን መምህርቷም ራሷ በቴሌቪዥን እንጂ በዓይኗ አላየችውም። ደንቡ ግን ቀላል ነበር። ልጁ እየተረከ በእጁ ያነሳል፣ ያስቀምጣል፣ ይገነባል፣ ያፈርሳል። ጡቡም የተሠራው ለዚሁ ነው።

የበረዶው አገር ካፒቴኑ ግቢ እንዳይሠራ ቡችሎቹ ያገኙትን ጡብ ሁሉ ያኝካሉ። ስለዚህ ዕጣው ለጋሽ መንጋጋ ወጣ።

«አባዬ፣ እስከ ዝግጅቱ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ አንተ ጋ ናት» አለችው ልጁ። «ከዚያ በኋላ የት እንደምትውል እሷው ትምረጥ። ግን እባክህ፣ የልጅቷን ሥራ ለልጅቷ ተውላት።»

«እኔ ደግሞ መቼ በሰው ሥራ ገብቼ አውቃለሁ?» አለ ጋሽ መንጋጋ።

ሚስቱ ከማዕድ ቤት ሆና ሳቀች። ረጅም ሳቅ ነበር።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ጢንዚዛ የምግብ ጠረጴዛው አጠገብ ወንበር ላይ ተንበርክካ ጡቦቿን ዘረገፈችና ተረቷን ነገረችው።

«አንዲት ንግሥት አለች። ነገር ሲንቀሳቀስባት አትወድም። ሁሉም ባለበት እንዲቆይላት ነው የምትፈልገው። ስለዚህ እፍ ትልበትና በረዶ ታደርገዋለች። ዳቦ ጋጋሪው ዳቦውን ከእሳት ሲያወጣ ደረቀ። ሙሽሮቹ ሲስቁ ደረቁ። ውሻው ሲጮህ ደረቀ፤ ጩኸቱም አፉ ላይ ቀረ።»

«ታዲያ ይቺ ሴትዮ ምን አጠፋች?» አለ ጋሽ መንጋጋ። «ሥርዓት ወዳድ ናት።»

«አባባ፣ ክፉ ናት።»

«ሰው ዝም ብሎ ክፉ አይባልም። ምናልባት ጥርሷን ያማት ይሆናል።»

«ጥርሷን አያማትም» አለች ጢንዚዛ። «ኋላ ቁራ መጥቶ ዘውዷን ይሰርቃታል። ቁራው ዘውዱን ሲያደርገው ዓይኑ ላይ ይወርድበትና ከግድግዳ ጋር ይጋጫል። ንግሥቲቱ ያን አይታ ትስቃለች። ስቃ አታውቅም ነበር። ስትስቅ ትንፋሿ ይሞቃል፣ በረዶው ይቀልጣል። ያን ጊዜ ነጭ ነጩን ጡብ አንድ በአንድ አነሳዋለሁ፤ ከሥሩ አረንጓዴው ይወጣል፣ ዳቦው ይወጣል፣ ሁሉም ይወጣል። ገባህ? ነጩ መነሳት አለበት።»

«እሺ፣ እሺ» አለ ጋሽ መንጋጋ። በዚያች ሰዓት ማጉያ መነጽሩን አድርጎ እያወራች የገጣጠመችውን የድልድይ ቅስት ይመረምር ነበር፤ ቅስቱ በግራ በኩል ትንሽ ወርዷል። የተነገረው ነገር ከጆሮው አልፎ አልገባም።

ሐሜት ብቻ እንዳይሆንብን ይህንም እንናገር፤ ቅዳሜዎቹ ደስ የሚሉ ነበሩ። ጢንዚዛ እያንጎራጎረች ትሠራለች፤ እሱም አጠገቧ ተቀምጦ የደንበኛ ጥርስ ይሞርዳል። አንድ ቀን ከመደርደሪያው ላይ ትልቁን የጥርስ ናሙና አወረደችና የንግሥቲቱ ቤተ መንግሥት በር አደረገችው። የላይኛው መንጋጋ ጣሪያ፣ የታችኛው ደረጃ ሆነ፤ ሰው የሚገባው በጥርስ መሐል አልፎ ነው። ጋሽ መንጋጋ ጥርሱን መክደን አቃተው። ማታ ለሚስቱ «ካፒቴኑ አለቀለት» አላት። «መርከቡን ይዞ ይሂድ።»

ነገር ግን ሳይጠሩት አቤት ሳይልኩት ወዴት ማለት አመሉ ነው። ልጅቷ ስትሄድ ጠረጴዛውን ይዞራል። ግንቡ ጠምሟል፤ ያቃናዋል። ድልድዩ ወርዷል፤ ያነሳዋል። ቁራው ቀይ ነው፤ ጥቁር ጡብ ስላልነበራት ነው ብሎ ጥቁር ቀለም ይቀባዋል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጢንዚዛ ደጃፉ ላይ ትቆምና ጠረጴዛውን ከሩቅ ታየዋለች።

«ማን ነካው?»

«ኧረ እንጃ። ንፋስ ይሆናል።»

«ንፋስ ቀለም አለው?»

ጋሽ መንጋጋ መነጽሩን ማጽዳት ይጀምራል። እሷም ግንቡን መልሳ ታጣምማለች። እፍ የተባለበት ግንብ ነው፤ መጥመም ነበረበት። ይህንንም ነግራዋለች።

የሁሉም ጣጣ ግን በረዶው ነበር። ጢንዚዛ መንደሩን በነጭ ጡብ አልብሳዋለች፤ ጡቡ ደግሞ አናቱ ላይ ትናንሽ ጉጦች አሉት። ጋሽ መንጋጋ ጉጦቹን አይቶ መታገሥ አልቻለም። «ብጉር ያወጣ በረዶ የት ይታወቃል?» ይላል። ጢንዚዛ ጉጡ ለጣት መያዣ ጥሩ ነው ብትለውም አልረካም። እውነተኛውን በረዶ ለማጥናት ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ፊቱን ከሥጋው መሐል ይከታል።

«አንተ ሰውዬ፣ ዝጋው፤ ሥጋው ሊበላሽ ነው» ትለዋለች ሚስቱ።

«እይው እስቲ» ይላታል ከውስጥ ሆኖ። «አንድም ጉጥ የለው።»

የዝግጅቱ ዋዜማ ጠዋት ደንበኛ አልነበረም። ሥራ የፈታ እጅ ደግሞ አደገኛ ነው። ጋሽ መንጋጋ የጥርስ ቅርጽ የሚያወጣበትን ነጭ ጀሶ አወረደ። የጎማ ሳህኑን አመጣ፣ ውሃውን አስቀደመ፣ ዱቄቱን ከላይ በጣቶቹ አዘነበ። ዱቄት ላይ ውሃ የሚያፈስ ጀማሪ ነው። አረፋ እንዳይቋጥር ሳህኑን መታ መታ አደረገና በጢንዚዛ መንደር ላይ አፈሰሰው። ጀሶው በጣሪያው ላይ ተንሸራተተ፣ በመንገዱ ላይ ተኛ፣ ከድልድዩ ጠርዝ ላይ ተንጠባጥቦ ቀረ። ጉጥ የሚባል ጠፋ። ሙሽሮቹ እስከ ጉልበታቸው ተዋጡ። የዳቦ ቤቱ ጣሪያ እንደ ትራስ አበጠ። አይካድም፣ ውብ ነበር። በረዶ አይቶ የማያውቅ ሰው የሠራው በረዶ፣ በረዶን ራሱን ያስቀና ነበር።

ጀሶ ሲጠነክር ይሞቃል። ጋሽ መንጋጋ መዳፉን በመንደሩ ላይ አሳርፎ ሙቀቱ እስኪወጣ ጠበቀ፤ ልጅቷ ስታየው የምትሆነውን እያሰበ ብቻውን ፈገግ ይል ነበር።

ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ አየችው። «ልጅቷ ታውቃለች?»

«ላስደንቃት ነው።»

«እሱስ ትደነግጣለች» አለችና ሄደች።

በማግስቱ ሥራው በአንድ ሰው የሚነሳ አልሆነም። ጀሶ ድንጋይ ነው። ጋሽ መንጋጋ ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ለካፒቴኑ ደወለ፤ ካፒቴኑም መኪናውን ይዞ መጣ። ሁለቱ አያቶች አንሶላ የለበሰውን መንደር እንደ በሽተኛ ከፊትና ከኋላ ተሸክመው ወጡ።

«ለመሆኑ ምን ከተውበት ነው?» አለ ካፒቴኑ እያለከለከ።

«ጥበብ» አለ ጋሽ መንጋጋ።

«መርከቤን የሚያቆመው ብረት እንኳን እንዲህ አይከብድም ነበር።»

የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሞልቷል። ጢንዚዛ በተራዋ ወደ ፊት ወጣች፤ ጋሽ መንጋጋ አንሶላውን በእጁ ገፈፈው። ወላጆቹ «አቤት!» አሉ። አንዲት እናት ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሳች። ጋሽ መንጋጋ ካፒቴኑን በጎን አየው፤ የካፒቴኑም አፍ ተከፍቶ ነበር።

ጢንዚዛ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። ጣቷን ሰዳ የዳቦ ቤቱን ጣሪያ ነካችው።

«አባባ፣ ይሄ ምንድነው?» አለች ቀስ ብላ።

«በረዶ ነዋ።»

«ይነሳል?»

«ይሄ?» አለ ጋሽ መንጋጋ በኩራት። «የልጅ ልጅሽ እስክታየው ድረስ አይነቃነቅም።»

ጢንዚዛ ለረጅም ጊዜ አየችው። እሱ ይህን አስተያየት አድናቆት ነው ብሎ ተረጎመውና ከካፒቴኑ አጠገብ፣ ጉልበቱ አገጩ ድረስ በሚመጣ የልጆች ወንበር ላይ ሄዶ ተቀመጠ።

ልጅቷ ጀመረች። መጀመሪያ ድምጿ ቀጭን ነበር፤ ኋላ ግን ንግሥቲቱን በጥርሱ በር አውጥታ ስታስገባት ሰው ሳቀ፣ ድምጿም ተስተካከለ። እፍ አለች፤ መንደሩ ደረቀ። ቁራው መጣ፤ ዘውዱን ሰረቀ፤ ግንቡ ላይ ተጋጨ። «ንግሥቲቱም ሳቀች» አለች። «ትንፋሿም ሞቀ። ከዚያ በረዶው…»

እጇን ጣሪያው ላይ አሳርፋ ጎተተች። ጣሪያው ንቅንቅ አላለም። በሁለት እጇ ያዘችው። ጠረጴዛው ተንቋቋ እንጂ በረዶው አልተነሳም።

ጋሽ መንጋጋ ያን ጊዜ ነው የሰማው። ያ ሁሉ ቅዳሜ ጆሮው ላይ ቆሞ የነበረው ነገር ያን ጊዜ ልቡ ደረሰ። ነጩ መነሳት አለበት። ከወንበሩ ሊነሳ ሲል ወንበሩ አብሮት ተነሳ።

ጢንዚዛ ጣሪያውን ለቀቀችው። ወደ ወላጆቹ ዞረች።

«በረዶው እምቢ አለ» አለች። «ንግሥቲቱም ግራ ገባት። ‹እኔ እኮ ስቄያለሁ፣ ለምን አይቀልጥም?› አለች። ለካስ በረዶው የእሷ አይደለም። የአያቷ ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ።

«ንግሥቲቱ አያት ነበራት» አለች ጢንዚዛ፣ ድምጿ ከፍ እያለ። «ሳትኖር ጠብቆ ይመጣና ያስተካክላል። የጠመመውን ያቃናል። ቀዩን ጥቁር ይቀባል። ‹ማን ነካው?› ስትለው ‹ንፋስ ነው› ይላል። ስትነግረው እሺ እሺ ይላል እንጂ አይሰማም፤ መልስ ሰምቶ አያውቅማ። እሱ አገር ያለው ሰው ሁሉ አፉ ተሞልቶ ነው የሚኖረው። ንግሥቲቱ ያን ሁሉ ክፉ አመል ያመጣችው ከእሱ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከወላጆቹ መሐል ጋሽ መንጋጋ ወንበር ላይ አፋቸው ተሞልቶ የተጋደሙ ጥቂት አልነበሩም፤ የእነሱ ሳቅ ከሁሉም በለጠ። ካፒቴኑ መሀረቡን አውጥቶ እንባውን ጠረገ። ጋሽ መንጋጋም መጀመሪያ ከሰው ጋር ሊስቅ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ተከፍቶ ቀረ። ቡችላ፣ ዥዋዥዌ፣ ግቢ ሁሉ በዓይኑ ዞረበት። ባዶ ቅዳሜም ታየው።

«ታዲያ መጨረሻው ምን ሆነ?» አለች መምህርቷ።

«እኔ አላውቅም» አለች ጢንዚዛ። «አያትየውን መጠየቅ ነው።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ጋሽ መንጋጋ ተነሳ። ከጀሶ ውስጥ ጥርስ ሳይጎዱ ማውጣት የዕለት ሥራው ስለሆነ ትንሿ መዶሻና መሮው ከኮቱ ኪስ አይጠፉም። አወጣቸው። ወደ ጠረጴዛው ሄደና ሥራውን ከላይ አየው። እንዲህ ያለ ነገር ሠርቶ አያውቅም፤ ደግሞም አይሠራም። ቢሆንም መሮውን ደገነ፣ መዶሻውን አነሳ።

ጢንዚዛ መዳፏን ዘረጋች።

«ስጠኝ።»

ለመናገር አፉን ከፈተ። እጅሽን ትመቺዋለሽ፣ አቅጣጫውን አታውቂውም፣ ለእኔ ተይው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ እስከ ጥርሱ መጣ። እዚያው አቆመው። ዝም አይነቅዝም። መዶሻውንም መሮውንም ሰጣት።

«የቱ ጋ ነው የሚመታው?» አለች።

በጣቱ አሳያት።

አንድ ጊዜ መታች፤ ምንም። ሁለተኛ ስትመታ መንደሩ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። የጀሶ ፍንጣሪ ተስፈንጥሮ የጋሽ መንጋጋን ግንባር መታው፤ አልተነቃነቀም። የዳቦ ቤቱ ጣሪያ ተነሳ። ከሥሩ ዳቦ ጋጋሪው፣ ቡናማ ዳቦውን እንደያዘ፣ ወጣ። ሰው አጨበጨበ። ሙሽሮቹ ሳይወጡ ሰዓቷ አለቀ። ሽልማቱን የወሰደው ጡቦቹ ላይ ጥጥ በትኖ የመጣ ልጅ ነው።

ውጪ፣ የካፒቴኑ መኪና አጠገብ፣ እናቷ ጢንዚዛን «በይ እንግዲህ፣ ቅዳሜ የት ነው?» አለቻት። ሁለቱም አያቶች ወደ ሌላ ቦታ የሚያዩ መስለው ቆሙ።

«ቡችሎቹ ይናፍቁሻል» አለ ካፒቴኑ ወደ ሰማይ እያየ።

ጢንዚዛ የተሸከመችውን ከረጢት ከፈተች። ጡቦቿ ናቸው፤ ጉጣቸውም ሆዳቸውም ጀሶ ጠቅጥቆባቸው አንዱ ከአንዱ አይገጥምም።

«እነዚህ መጽዳት አለባቸው» አለች። «አባባ ጋ እሄዳለሁ። እሱ ያጸዳል፣ እኔ እሠራለሁ። እሱ ግን አይሠራም።»

«አልሠራም» አለ ጋሽ መንጋጋ።

«አይነካም።»

«አልነካም።»

«ይሄ እንኳን አያትነት አይደለም፤ የግዞት ፍርድ ነው» አለ ካፒቴኑ።

ቅዳሜ በሩ ተንኳኳ። የቆጣሪ አንባቢው አልነበረም።

ጋሽ መንጋጋ አሁን የጥርስ መፈልቀቂያውን ይዞ ከጡብ ሆድ ጀሶ ይፈለቅቃል። አንዱ ሲነጻ ሌላው ይሰጠዋል። ጢንዚዛ ከፊቱ ወንበሩ ላይ ተንበርክካ አዲስ ግንብ ትሠራለች። ግንቡ ጠምሟል። በጣም ነው የጠመመው፤ ባይቃና ሊወድቅ ይችላል። ጋሽ መንጋጋ ላለማየት ታገለ፤ አየው። አፉን ከፈተ።

«ቆይ፣ እጄ ሞልቷል» አለችና የንግሥቲቱን ዘውድ በተከፈተው አፉ፣ ራሱ ለራሱ በሠራቸው ጥርሶች መሐል አኖረችለት። «እንዳትጥለው።»

ከዚያ አዲሱን ተረት ነገረችው። በዚህኛው ንግሥቲቱ የለችም፤ አያቷ ብቻ አለ። ቁጭ ብሎ ያጸዳል፣ ያጸዳል፣ አንድ ቀን ጨርሶ ሊነሳ ሲል ሌላ በረዶ ይወርዳል። ጢንዚዛ ግንቡን ትንሽ አጠመመችውና አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችው።

«እንደዚህ ይሻላል» አለች። «አይመስልህም?»

«እም» አለ ጋሽ መንጋጋ።